የአባ ዱዓ ስልክ ውስጥ እስኪገባ

ቅዳሜ

እንቢ አለ። የእኔ ስልክ እንቢ፣ የሚስቴ የሉባባ ስልክ እንቢ፣ የጎረቤታችን አዲስ ስልክ ሳይቀር እንቢ። «ይህን ፋይል ማጫወት አይቻልም» ይልና ጥቁር ይሆናል። ያንኑ ፍላሽ የዲሹ ሪሲቨር ላይ ስሰካው ግን አባ ብቅ ይላል። ነጭ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ ሙስበሃ መቁጠሪያውን ጨብጦ፣ ሰዉ ዙሪያውን ከቦት።

አባታችን ተቀርጾ ያለን ይኸው ብቻ ነው። ካቻምና የቴሌቪዥን ሰዎች ለበዓል ዝግጅት መካነ ሰላም መጥተው፣ እኛ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ ቀረጹ። መራቂው አባ ነበር። ዝግጅቱ የተላለፈ ዕለት ከሪሲቨሩ ፍላሽ ላይ ቀዳሁት። ክረምት ላይ አባ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

እህቴ ሀዋ ጅዳ ናት። ለቀብሩ አልደረሰችም፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። የፊታችን ዓርብ ኒካሕ ታስራለች። አባ ስለሌለ ወልይዋ እኔ ነኝ፤ በስልክ የምድራትም እኔ ነኝ። ትናንት ደውላ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ወንድሜ፣ የአባን ዱዓ ላክልኝ። አባ ሳይመርቀኝ አልዳርም» አለች። አለቀሰች። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደዚያው።

ፋይሉ ግዙፍ ነው። በስልክ የሚላክ አይደለም። ስልክ ወደሚያነበው ዓይነት መቀየር አለበት፣ መጠኑም መቀነስ አለበት። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ መጫን ነው እንግዲህ። ግን የትኛውን? ማንን አምኜ?

ሪሲቨሩ ራሱ አይታመንም። ፍላሹን በሰካሁ ቁጥር «ፍላሹን ላጽዳው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደግሞ ጠቋሚውን «አዎ» የሚለው ላይ አስቀምጦ ነው የሚጠይቀው። አንድ ቁልፍ በስህተት ብነካ አባን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። ፍላሹን ነቅዬ ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጥኩ። ከዚያ ፍላሹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሪሞቱንም ጨመርኩት።

ሉባባ ተቆጣች። «ፍላሹስ እሺ፣ ሪሞቱ ምን አደረገህ?»

ሚስቴ አይገባትም። እኔ የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነኝ። ሰው ሁሉ ዕቃ ይዞ ሊወጣ ነው ብዬ እንዳስብ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እሑድ

ኮምፒዩተሬን ይዤ ጀማል ጋ ሄድኩ። ስልክ ይጠግናል፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ይጭናል፣ ከተማው ውስጥ በዚህ ነገር የሚጠራ እሱ ነው። ገና ሳልጨርስ «ጋሼ፣ ይቺማ ቀላል ናት» አለኝ። ቀላል ነው የሚለኝን ሰው ስጠረጥር ነው የኖርኩት።

ፕሮግራም አለው። የሚገዛ ዓይነት ነው፤ የእሱ ግን ቁልፉ የተሰበረ ነው። ማን ሰበረው? አያውቅም። ከማን አገኘው? ደሴ ካለ ጓደኛው። ጓደኛውስ? ከሌላ ጓደኛ። ለመጫን ደግሞ መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን ማጥፋት አለብኝ።

ለምን ስለው «አይወደውም» አለ፣ እንደ ዋዛ።

ዘበኛው ያልወደደውን እንግዳ ለማስገባት ዘበኛውን ላሰናብት! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ያ ፕሮግራም ገብቶ ፋይሉን ቢበላብኝስ? ጀማል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ልወጣ ስል ደግሞ ሌላ አመጣ። «ሸሁን ለእኔም ኮፒ ላርጋቸው ወይ?» ምን ሊያደርግበት? «ሰው ይጠይቀኛል ጋሼ፣ የሳቸው ዱዓ ይፈለጋል፣ ወላሂ» አለ። የአባቴን ድምፅ ከህንድ ፊልም ጋር አንድ ፍላሽ ላይ ሊጭነው ነው። ኮምፒዩተሬን ዘግቼ ወጣሁ። ልጁ ክፉ አይደለም ይሆናል። ቢሆንም።

ቤት ስደርስ ሉባባ እንዴት ሆነ አለች። አልታመነም አልኳት። ፕሮግራሙ ነው ወይስ ጀማል ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም።

ሰኞ

ቢሮ ውስጥ የሰማሁት ምክር። ምንም መጫን አያስፈልግም፤ አንድ ድረ ገጽ አለ፤ ፋይሉን ወደነሱ ትልካለህ፣ እነሱ ቀይረው ይመልሱልሃል። እነሱ እነማን ናቸው? መካሪዬ አያውቅም። የት አገር ናቸው? አያውቅም። እኔ አንድ አካፋ ሳላስፈርም አላወጣም፤ አባቴን ለማላውቀው ሰው ያለ ፊርማ ላስረክብ ነው?

ቢሆንም ጊዜው እየሄደ ነውና ሞከርኩት። ኔትወርኩ አባን ይዞ መሄድ ጀመረ። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ከዚያ ከነጭራሹ ጠፋ። በሆዴ እሰይ አልኩ። የሄደችው ቁራጭ ግን የት ገባች? አሁን የሆነ ቦታ የአባ ጥምጣም ብቻ ተቀምጧል ማለት ነው?

ከሰዓት ሌላ አወረድኩ። ይኼኛው ራሱን «ነፃ ሙከራ» ይላል። ሲገባ ኢሜይል አምጣ አለ። ከዚያ ስልክ ቁጥር አምጣ አለ። ሳልጠይቀው ሌላ ሁለት ፕሮግራም አብሮ ጫነብኝ፤ እንደ ዘመድ ሠርግ፣ የጠራኸው አንድ ሰው፣ የሚመጣው ከነቤተሰቡ።

ቀየረው ግን። ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ተከፈተ! ሉባባን ጠራኋት። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን ስናይ፣ የአባ ግንባር ላይ የፕሮግራሙ ስም በትልቁ ታትሞበታል። እንደ ቄራ በግ። ይህም ሳያንስ ሲሶው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀምጠው፣ አባ እጁን ለዱዓ ሊዘረጋ ሲል፣ ቀጥ። ቀሪውን ማየት ከፈለግህ ግዛ ይላል።

ተናደድኩ። አጠፋሁት። ስታጠፋው ደግሞ «ለምን አልወደድከኝም?» ይላል።

ማክሰኞ

እስካሁን ያየኋቸው፦
የጀማል። ዘበኛህን አባርር ይላል።
ድረ ገጹ። አባትህን ላክልኝ ይላል።
ሙከራው። ማኅተም ይመታል፣ ምርቃት ሲጀመር አፍ ይዘጋል።

አንድም የሚታመን የለም። ዓርብ ደግሞ መጣ።

ሙሽራውስ? እሱንም በቅጡ አላጣራሁም። እንድሪስ ይባላል፣ የወግዲ ልጅ ነው፣ ጅዳ የሰው ቤት ሾፌር። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ወጉን ጠብቋል። ግን ሽማግሌ የላከ ሁሉ ደህና ሰው ነው? ጠዋት ወግዲ ለሚሠራ፣ በለጠ ለሚባል የሙያ ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱም ንብረት ክፍል ስለሆነ አስተያየቱን አከብራለሁ።

«የእንድሪስን አባት ነው የምትለኝ? እሳቸውንማ አውቃቸዋለሁ» አለ። «በማርያም፣ የሰው ድንበር ገፍተው አያውቁም። ልጁም እሳቸውን ነው የሚመስለው።»

ማሳ ድንበር ያልገፋ ሰው በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን እንዲህ ፈጥኖ አመሰገነው ብዬ ግን ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

ማምሻውን ስልክ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ ይመር፣ እንዴት ከረሙ? እንድሪስ ነኝ።» ድምፁ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ድምፅ ያሳስበኛል።

ሀዋ ነግራዋለች። ሾፌሮቹ መኪና ውስጥ ሆነው ባለቤቶቹን ሲጠብቁ ይውላሉ አሉ፤ የአገር ቤቱን ድራማ ከዲሽ እየቀዱ፣ ወደ ስልክ እየቀየሩ ነው የሚያዩት። እሱ የሚቀይርበትን ፕሮግራም ነገረኝ። ምልክቱ ዓሣ ነው። ኢሜይል አይጠይቅም፣ ማኅተም አይመታም፣ አያቋርጥም።

ስንት ነው አልኩት። «ነፃ ነው ጋሼ።»

ነፃ! ለምን ነፃ ይሆናል? የሠሩት ሰዎች ምን ይበላሉ? «ለሰው ይጥቀም ብለው ነው የለቀቁት፤ እንደ ሰደቃ ይቁጠሩት» አለኝ። እነማን ናቸው፣ ስማቸው ማን ይባላል ስለው አላውቅም አለ።

ሉባባ ከጎኔ ሆና ትሰማ ነበር። ስዘጋው «ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ስሙን ይናገራል እንዴ?» አለች። ግን አስቡት፦ የማላውቀው ሰው፣ የማያውቃቸው ሰዎች የሠሩትን፣ በነፃ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይላሉ። ጦም ማደር የማይቻለው ዓርብ ስለሚመጣ ነው።

ረቡዕ

ዓሣውን ጫንኩት። ምንም አልጠየቀኝም። ይኸው ነው ያስፈራኝ። ሰው ቤት ሲገባ ቢያንስ ውሃ ስጡኝ ይላል።

ሲከፈት ብዙ ሣጥን አለው። ልክ ነው የሚባልባቸው ትንንሽ ሣጥኖች። እንግሊዝኛዬ ድሮም ደህና ነው፤ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ለስልክ የሚሆን፣ አዎ። መጠኑ ይቀነስ፣ አዎ። የድምፅ ረብሻ ይወገድ የሚል አለ። እሰይ! በቀረጻው ላይ የመካነ ሰላም ንፋስ ማይክራፎኑን ሲያንኮሻኩሸው ነው የሚውለው። አባ ለልጁ ሠርግ በንፋስ አይናገርም። አዎ አልኩ፤ ያውም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ።

ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ግማሽ ስትደርስ መብራት ሄደ። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ድሮ ሞቷል። ሁሉም ጨለመ። ዓሣውን ረገምኩት፤ ሉባባ መብራቱን የሚያጠፋው ዓሣው አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን ማንን ልርገም?

መብራት ሲመጣ እንደገና ከዜሮ። ከኮምፒዩተሩ አልተነሳሁም። ሳይታወቀኝ መስመሯን በዱዓ እየገፋሁ ነበር።

አለቀ! ስልኬ ላይ ተከፈተ። ማኅተም የለም። አልተቋረጠም። አባ ጥርት ብሎ ይናገራል፤ ንፋሱ ድራሹ የለም። ፊቱን ሳይ ዓይኔ ሞላ። ወዲያው ለሀዋ ላክሁት። ደረሰ። እስከ ዛሬ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰደቃ በላሁ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ። ተኛሁ።

ሐሙስ

ሀዋ በጠዋት ደወለች። የምስጋና መስሎኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ አሚኑ የት ገባ?»

ምን አሚን አልኳት። «አባ ይመርቃል፣ ማንም አሚን አይልም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ይመስላል። አሚን የሌለው ዱዓ ምን ይሆናል?» ድምፅዋ ተቆረጠ።

ከፈትኩት። ትናንት ደስታዬ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር፤ አሁን ሰማሁ። አባ «ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ይላል። ዝም ይላል። ይጠብቃል። ምንም። የሰዉ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አባ ይቀጥላል። «በአገር ያሉትንም፣ በስደት ያሉትንም ያገናኝ።» ይጠብቃል። ምንም። በሕይወቱ አባን ማንም እንዲህ አዋርዶት አያውቅም።

ማን አጠፋው? የፕሮግራሙ ሠሪዎች ዱዓ አይወዱ ይሆናል። ጀማል እሑድ ኮምፒዩተሬን ሲነካካ የሆነ ነገር ሠርቶ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን ዓሣውን ያመጣው ማነው? ለሀዋ መልሼ ደወልኩና እንዲህ አልኳት፦ እጮኛሽ የሰጠን ፕሮግራም ነው አሚኑን የበላው፤ ሰውየውን እስካጣራ ድረስ ኒካሑ ይቆይ።

«እሺ ወንድሜ» ብላ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሉባባ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ትናንት ያደረግከውን እያንዳንዷን አሳየኝ አለች። ዓሣውን ከፍቼ አሳየኋት። ጣቷን አንዷ ሣጥን ላይ አሳረፈች። ይቺስ ምንድን ናት?

ንፋሱን የምታጠፋ ናት አልኩ።

«ንፋሱ ደግሞ ምን አደረገህ?»

ሣጥኗን ባዶ አድርጌ ዱዓው የሚጀምርበትን ቁራጭ ብቻ ቀየርኩ። ንፋሱ መጣ። ከንፋሱ ጋር «አሚን!» መጣ። የዚያ ሁሉ ሰው፣ ወፍራም፣ ከሩቅ፣ አብሮ። ለፕሮግራሙ ማይክራፎኑ አጠገብ ያለ ሰው ሰው ነው፤ ራቅ ብሎ በጅምላ የሚያጉረመርመው ረብሻ ነው። ሠሪዎቹ አገር ምናልባት አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። እኛ ጋ ግን የዱዓው ግማሽ ያለው ከሩቅ ነው። እነሱ ጠየቁኝ፣ እኔ አዎ አልኩ። ከፍም ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ሙሉውን መቀየር ጀመርኩ፤ መብራቱም አላህ አቆየው። እየጠበቅን ቀረጻውን ደግመን ስናይ ሉባባ ሳቋ መጣ። «ያ ሰውዬ ማነው?» አለች። ካሜራው ሰዉን ሲያዳርስ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል፤ አንድ ሰው ብቻ አፉን ገጥሞ ወደ መሬት ያፈጣል። እኔ ነኝ። የቴሌቪዥን ሰዎቹ ከቆጣሪያችን የሳቡትን ገመድ እያየሁ ነው። ያቃጥሉታል ብዬ ነበር። ያ አባ ለልጆቹ የመረቀበት ቀን ነው፤ የሱ ልጅ ደግሞ ገመድ ይጠብቃል። ሉባባ ሳቋን አቆመች፤ ፊቴን አይታ መሰለኝ።

አዲሱን ለሀዋ ላክሁት። ቀጥሎ ለእንድሪስ ደወልኩ። ከባድ ነበር። አፉ በለኝ አልኩት፤ በደልከን ብዬሃለሁ፣ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ፤ ኒካሑ በቀኑ ነው። ሀዋ ነግራው እንደነበር ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል። «አብሽሩ ጋሼ» አለ። «እኔም መጀመሪያ ያቺን ነክቼ የድራማውን ልቅሶ ቤት ሁሉ ዝም አሰኝቼው ነበር።» ሳቅን። ወዲያው ደግሞ፣ እውነቱን ነው ወይስ ሊያቀልልኝ ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ። ቢዋሽም የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ጀማል ጋ ጎራ ብዬ ኮፒ ሰጠሁት። ከህንድ ፊልም ጋር እንዳትቀላቅለው አልኩት። ለብቻው ፎልደር ሠራለትና አሳየኝ። ስሙንም ትክክል ጽፎታል። ለጠየቀህ ሁሉ ስጥ አልኩት፤ አሚን የሚል ይብዛ።

ከጁምዓ መልስ ቤታችን ሰው ሞላ፤ ጎረቤትም፣ የአባ ጓደኞችም። ስልኩን መሐል ላይ አስቀመጥነው። ጅዳ ሆነው ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ እኔን በስም ጠርተው ጠየቁኝ። እንድሪስን እንደገና ላጣራው የምትል ሐሳብ ብልጭ አለችብኝ፤ አልዋሽም። «እህቴን ሀዋን ድሬልሃለሁ» አልኩ። «ተቀብያለሁ» አለ። አሁንም ለስላሳ ነው ድምፁ። ተፈጥሮው ይሆናል።

ከዚያ ሀዋ አባን ከፈተችው። ከኛው ግቢ ወጥቶ፣ ጅዳ ደርሶ፣ ተመልሶ ቤታችን ገባ። ንፋሱን ይዞ። የአባ ጓደኞች ንፋሱን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ የየትኛው ማዕዘን ንፋስ እንደሆነ ያውቁታል።

«ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» አለ። ጠበቀ። የካቻምናዎቹ አሚን አሉ፣ ጅዳ ያሉት አሚን አሉ፣ የእኛ ቤት አሚን አለ። ኔትወርኩ እያዘገየው አሚኑ እየተከታተለ ቶሎ አላልቅ አለ። ሉባባ ልትጎሽመኝ ክርኗን አዘጋጅታ ነበር፤ ቀደምኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንደ ልጅ። መዳፌን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሀዋ «ወንድሜ» አለችኝ። «የአንተን ሰማሁት።»

ፍላሹ አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። ሪሞቱን ለሉባባ መልሼላታለሁ።